ፋይሌ ጠፋ ለምትሉ፦ አፈላለጉና ዳግም እንዳይጠፋ ማደራጃው

«ትናንት እዚሁ ነበር፣ ዛሬ የለም።» ደሴ ላይ በኮምፒውተር የሚጽፍና ኮምፒውተር የሚያስተካክል ሰው ይህን ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። ጠያቂው አንዴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ አንዴ ከኩታበር ማርክ ሊስት በፍላሽ ይዞ የመጣ መምህር፣ አንዴ የዕድር ጸሐፊ። ለእያንዳንዱ በቃል ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ ብዬ ነው።

አብሽሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አልጠፋም። ወይ የተቀመጠበት ቦታ ተረስቷል፣ ወይ ስሙ እናንተ ከምታስቡት ሌላ ነው፣ ወይ ተደብቋል። እውነትም የተሰረዘው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቶሎ ከተደረሰበት የመመለስ ዕድል አለው። ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ይሠራል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ ቀላሉና ጉዳት የሌለው ከላይ ነው፣ ከባዱ ከታች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፋይሉ የነበረበት ኮምፒውተር፣ ወይም ፍላሹ
- ሌላ ባዶ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ (የተገኘውን ለመገልበጥ)
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ቢቻል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ)፤ ላፕቶፕ ከሆነ የሞላ ባትሪ። በመሀል መብራት ሄዶ ኮፒው ቢቋረጥ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ፋይሉ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ያ ዲስክ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጻፉ። ፊልም አትገልብጡ፣ ፕሮግራም አትጫኑ፣ ከቴሌግራም ምንም አታውርዱ። ፋይል ሲሰረዝ መረጃው ወዲያው አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩ «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ። አዲስ ነገር ሲመጣ እዚያው ላይ ያርፍና ያን ጊዜ ነው እውነተኛው መጥፋት። ፍላሹ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቃችሁም እሺ አትበሉ።

## ክፍል አንድ፦ ፍለጋው

1. ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። ፋይሉ ምንድን ነው (ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፒዲኤፍ፣ ፎቶ)? ለመጨረሻ ጊዜ የነካችሁት መቼ ነው? ውስጡ መኖሩን በእርግጠኝነት የምታውቁት ቃል የትኛው ነው? ይህን የማስጽፈው ሰው ሲደነግጥ አንዱን ስም ደጋግሞ ስለሚፈልግ ነው። ያ ስም ደግሞ ልቡ ውስጥ ያለው እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ላይሆን ይችላል።

2. አሁን ከሆነ የጠፋው፣ ኮንትሮልን ይዛችሁ ዜድን ተጫኑ። ፎልደሩ ተከፍቶ ሳለ ነው፣ ዎርድ ውስጥ ሆናችሁ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ፣ ስሙ የተቀየረ ወይም በማውስ ተጎትቶ ጎረቤት ፎልደር ውስጥ የወደቀ ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።

3. ፋይሉ የተሠራበትን ፕሮግራም ክፈቱና የቅርብ ጊዜ ዝርዝሩን እዩ። ዎርድ ከሆነ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን»፣ ከዚያ «ሪሰንት»። እዚያ ላይ ዋናው ነገር ስሙ ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው አድራሻ ነው። አድራሻው ከሲ ወይም ከዲ (የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ክፍሎች) ሌላ በሆነ ፊደል ከጀመረ፣ ብዙውን ጊዜ ያኔ ስትሠሩ የነበረው ፍላሽ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩን መፈተሽ ትታችሁ ፍላሹን ፈልጉ። ብዙ «ጠፋ» የተባለ ፋይል እዚህ ላይ ያልቃል።

4. የተለመዱትን መደበቂያዎች ዞር ዞር በሉባቸው። «ዳውንሎድስ»፣ «ዶክመንትስ»፣ «ዴስክቶፕ»። በኮምፒውተር ቴሌግራም የወረደ ነገር ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል የራሱ ፎልደር አለው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የማይክሮሶፍት አካውንት ከገባ ደግሞ «ዋንድራይቭ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ሌላ ዴስክቶፕ ሊኖር ይችላል፤ ዕቃችሁ በሙሉ ወደዚያ ተዛውሮ ታገኙት ይሆናል።

የተጠቀለለ ፋይል (ዚፕ) ሳይፈታ ውስጡ ገብታችሁ ያረማችሁት ጽሑፍም ብዙ ያስቸግራል። የሚከፈትላችሁ ጊዜያዊ ግልባጭ ስለሆነ እርማቱ ዋናው ላይ ላይቀመጥ ይችላል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ፍቱት፣ ከዚያ ክፈቱት።

5. ሰርች አድርጉ፤ ግን የአማርኛን ጠባይ እያሰባችሁ። የዊንዶውስ ቁልፍንና ኢን አንድ ላይ ተጫኑ፣ «ዚስ ፒሲ» ላይ ግቡ፣ ከላይ በስተቀኝ ባለው ሳጥን ጻፉ። ዲ ላይ ፍለጋው ሊዘገይ ይችላል፤ አረንጓዴው መስመር እስኪያልቅ ታገሡ።

አሁን ችግሩ። ጎረቤት ከተማችን ሐይቅ በአንዱ ፋይል «ሐይቅ» ነው፣ በሌላው «ሀይቅ»፣ በሌላው «ሃይቅ»፣ በሌላው «ኃይቅ»። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። አንዱን ጽፋችሁ ብትፈልጉ ሦስቱን አያሳያችሁም፣ እናንተም «የለም» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሥራና ስራ፣ ዓመትና አመት፣ ፀሐይና ጸሀይ ያው ናቸው። በክፍተትም እንዲሁ ነው፦ ኩታበርና ኩታ በር፣ ወረኢሉና ወረ ኢሉ። ኮምቦልቻን «ከምቦልቻ» ብሎ የሚጽፍም አለ።

ስለዚህ የማይለዋወጠውን የቃሉን ክፍል ብቻ ውሰዱና ከፊትና ከኋላ የኮከብ ምልክት አድርጉበት፦

*ይቅ*
*ምቦልቻ*

ኮከቡ «እዚህ ላይ ምንም ይሁን ምን» ማለት ነው፤ አራቱንም ሐይቅ ባንድ ጊዜ ያመጣላችኋል። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነም ያው ጣጣ አለ፤ ደሴን አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል።

ሁለተኛው ነገር፣ ስም ሳትሰጡት ሴቭ ካደረጋችሁት ዎርድ የጽሑፉን የመጀመሪያ መስመር ስም አድርጎ ያቀርባል። የእኛ ደብዳቤ ደግሞ የሚጀምረው «ቀን» ወይም «ቁጥር» ብሎ ነው፣ አለዚያም «ለ» ብሎ በመሥሪያ ቤቱ ስም። አንዲት መምህርት የምስክር ወረቀት የሚል ፋይል ሲፈልጉ ውለው በመጨረሻ የተገኘው «ቀን» በሚል ስም ነው፤ ከጎኑም ቀን 1፣ ቀን 2 የሚሉ ወንድሞቹ ተደርድረው ነበር። እናም «ቀን»፣ «ቁጥር»፣ «ለ»፣ «ጉዳዩ» ብላችሁም ሞክሩ።

በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ አማርኛ ጽፋችሁ አታገኙትም። ያ ፎንት ከሥሩ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ዓይን ላይ ብቻ ነው አማርኛ የሚመስለው። ዎርድ የሚሰጠውም ስም ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስም ስታዩ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትሰርዙ፤ ክፈቱትና እዩት።

ስሙ ጨርሶ ካልታወሰ በውስጡ ባለው ጽሑፍ ፈልጉ፦ ሰርች ካደረጋችሁ በኋላ ከሚመጣው የሰርች አማራጭ «ፋይል ኮንተንትስ» የሚለውን ምረጡ። ጊዜ ይወስዳል። ስሙ ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ ግን «ኤቭሪቲንግ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከዊንዶውሱ ሰርች እጅግ ይፈጥናል (የተሰረዘ ፋይል ፍለጋ ላይ ካልሆናችሁ ነው መጫን የሚቻለው፤ ከላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አስታውሱ)።

6. በቀን ፈልጉ። የሰርቹ ውጤት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሶርት ባይ»፣ ከዚያ «ዴት ሞዲፋይድ» በሉ፤ የቅርቡ ከላይ ይመጣል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆች መሆኑን እየረሳ ነው። ኅዳር 12 ቀን 2017 የጻፋችሁት ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ ኖቬምበር 21፣ 2024 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት ዓመት ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ለወሩ መነሻ እንዲሆናችሁ መስከረም 1 አብዛኛውን ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ሐምሌ 1 ደግሞ ጁላይ 8። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል፤ 2/3 የሚለው ፌብሩዋሪ 3 ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሩ ውስጥ ፋይሎቻችሁ ሁሉ ከብዙ ዓመት በፊት የተሠሩ መስለው ከታዩ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዛሬ የጻፋችሁትም ከታች ከድሮው ጋር ይደረደራል። ከላይ ሳይሆን ከታች ፈልጉ፤ ባትሪዋንም ቀይሩ። አብዛኛው ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት።

7. ሪሳይክል ቢንን እዩ። ካገኛችሁት ራይት ክሊክ፣ «ሪስቶር»። ወደነበረበት ይመለሳል። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ነገር ግን እዚህ አይገባም፤ ሺፍት ተይዞ ዲሊት የተደረገም አይገባም።

8. ፍላሹ ባዶ ከመሰለ መጠኑን ለኩ። የፍላሹ ምልክት ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»። ሲከፈት ባዶ የሚመስለው ፍላሽ እዚህ ላይ ግማሹ ተይዟል ካለ ፋይሎቹ አሉ፤ ቫይረስ ደብቋቸዋል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ፎልደሮቻችሁ ጥግ ላይ ቀስት ያላቸው ሾርትከት ይሆናሉ፣ ወይም በፍላሹ ስም አንድ ሾርትከት ብቻ ይቀራል።

ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ በከፈታችሁት ቁጥር ቫይረሱን ታስነሣላችሁ። ይልቅ መጀመሪያ ፍላሹን በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ አስፈትሹ። ቀጥሎ «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሩ (ዊንዶውስ 10 ላይ ቪው ውስጥ በቀጥታ ይገኛል)። አሁንም ካልታየ የፎልደር «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ቪው» ላይ፣ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት አጥፉ። ያኔ አንድ ደብዘዝ ያለ፣ አንዳንዴም ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፤ ሁሉም ነገር እሱ ውስጥ ነው። የእናንተን ሰነዶች ብቻ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ የማታውቁትን ፋይል አትንኩ። ሲያልቅ ያጠፋችሁትን ምልክት መልሱት፤ ካልመለሳችሁት አንድ ቀን የዊንዶውሱን የራሱን ፋይል ቆሻሻ መስሏችሁ ትሰርዙታላችሁ።

9. ሴቭ ሳታደርጉ መብራት ከሄደ፣ ዎርድ ውስጥ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ዶክመንት»፣ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ»። የሚገኘው እስከ መጨረሻው የራሱ ቅጂ ድረስ ነው፤ ዎርድ ካልተነገረው በየ10 ደቂቃው ነው የሚይዘው። በእኛ መብራት 10 ደቂቃ ረጅም ነው፤ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ገብታችሁ ወደ 1 ደቂቃ አውርዱት። ካገኛችሁት ወዲያው ስም ሰጥታችሁ ሴቭ አድርጉት።

10. ዊንዶውስ ተቀይሮ ከሆነ ሲ ውስጥ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚል ፎልደር መኖሩን እዩ። ሲ ሳይጸዳ ከተጫነ የድሮው ዴስክቶፕና ዶክመንትስ እሱ ውስጥ ይቀራል፤ ግን ዊንዶውሱ ራሱ ከ10 ቀን በኋላ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ለነገ አትበሉ። ሲ ተጸድቶ ከሆነ ወይም ከላይ ያለው ሁሉ ካልሠራ፣ እንደ ሬኩቫ ያለ ማስመለሻ ፕሮግራም ይቀራል። ፕሮግራሙን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርዱት፣ የተገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዲስክ) ላይ ከተራው ሃርድ ዲስክ ይልቅ የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ኤስኤስዲ የተሰረዘን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳ።

## ክፍል ሁለት፦ ዳግም እንዳይጠፋ

1. መጀመሪያ ሁሉንም ኤክስተርናል ላይ ኮፒ አድርጉ። ከት አታድርጉ። ከት ሲደረግ መብራት ቢሄድ ወይም ገመዱ ቢነቀል ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ ይቀራል፣ የትኛው እንደተሻገረ ማጣራት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

2. ዲ ላይ አንድ እናት ፎልደር ክፈቱ። ስሙ «ሥራ» ይሁን። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ያሉት ሲ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ሲበላሽ ባለሙያው ብዙ ጊዜ ፎርማት የሚያደርገው ሲን ነው። ዴስክቶፕ ላይ በሙሉ የተከመረ ሥራ በአንድ ከሰዓት የሚሄደው በዚህ ነው።

3. የድሮውን ትርምስ ለመደልደል አትሞክሩ። ሁሉንም «የድሮ» የሚል ፎልደር ውስጥ ክተቱና ከዛሬ ጀምሮ በአዲሱ ሥርዓት ሥሩ። ከድሮው አንዱ ሲያስፈልጋችሁ ያን ጊዜ አውጥታችሁ ቦታውን ስጡት። የዓመታትን ፋይል በአንድ ቅዳሜ እደረድራለሁ ያለ ሰው ሲጨርስ አላየሁም።

4. በዓመት ክፈሉ፣ ከሦስት ደረጃ አትውረዱ። ለምሳሌ፦

ሥራ
— 2017
—— ደብዳቤ
—— ሪፖርት
—— ውል
— 2018
— መግቢያ
— የድሮ

መሥሪያ ቤት ከሆነ ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው የበጀት ዓመት ቁጠሩ፣ ትምህርት ቤት ከሆነ ከመስከረም። የትኛውንም ምረጡ፣ ግን አትቀላቅሉ፤ ከተቀላቀለ የነሐሴ ሪፖርት በየትኛው እንደገባ ማንም አያውቅም። «መግቢያ» የሚለው ገና ቦታ ያልተሰጠው ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ነው፤ ዓርብ ዓርብ ባዶ አድርጉት።

5. ስም አሰጣጡን አንድ አድርጉ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ቦታ ወይም ጉዳይ፣ ከዚያ ምንነቱ፦

2017-03-12 ሐይቅ የኪራይ ውል ረቂቅ 2

ዓመቱ ከፊት የሚሆነው ኮምፒውተሩ በስም ሲደረድር በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲመጣ ነው። ቀኑን ካስቀደማችሁ የሁሉም ወር 12ኛ ቀን አንድ ላይ ይሰለፋል። ወሩን በሁለት አኀዝ ጻፉ፤ መስከረም 01፣ ጳጉሜን 13። የእኛን ቀን ስሙ ላይ መጻፍ ጥቅሙ ድርብ ነው፤ ከፈረንጆቹ ጋር መቀያየር ይቀራል፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ቢበላሽም ስሙ አይበላሽም።

እዝባር አይሠራም። 12/03/2017 ወይም የደብዳቤ ቁጥር እንዳለ ልትጽፉ ብትሞክሩ ዊንዶውስ አይቀበልም፤ ሰረዝ ተጠቀሙ። ጥያቄ ምልክት፣ ሁለት ነጥብና ኮከብም ክልክል ናቸው።

ረቂቅ 1፣ ረቂቅ 2 በሉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያሉ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስቀምጡ ተማሪዎች አሉ፤ አማካሪው ደግሞ አንዱን ያርማል፣ እናም ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም።

6. የፊደል ዝርዝር አስቀምጡ። እናት ፎልደሩ ውስጥ አንድ አጭር ፋይል ክፈቱና የምትጠቀሙበትን አጻጻፍ መዝግቡ፦ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ወረኢሉ፣ ኮምቦልቻ፣ ሥራ፣ ዓመት። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ተዉት፤ እዚህ የሚፈለገው ሁሉም ሰው አንዱን ብቻ እንዲጽፍ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ይህ ዝርዝር ከፎልደሩ አከፋፈል ይበልጣል።

7. የፋይሉን ስም ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳትሙ። ዎርድ ላይ ፉተሩን ክፈቱ፣ «ኢንሰርት»፣ «ኩዊክ ፓርትስ»፣ «ፊልድ»፣ ከዝርዝሩ «ፋይል ኔም»፤ አድራሻውን እንዲጨምር ያለውን ሳጥንም ምልክት አድርጉ። የፊደሉን መጠን 7 ወይም 8 አድርጉት። ከዓመት በኋላ ያ ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ ፋይሉ የት እንዳለ ራሱ ይነግራችኋል። ደብዳቤ በጽሑፍ ቤት የምታስጽፉ ከሆነ ደግሞ በፍላሽ ተቀበሉ፣ ስሙንም ጠይቃችሁ ቅጂው ጀርባ ላይ ጻፉት። መታወቂያና የባንክ ወረቀት ካለበት እዚያ ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀር አስጠፉት።

8. ሁለተኛ ቅጂ፣ በሌላ ቦታ። ኤክስተርናሉን ከኮምፒውተሩ ጎን አታኑሩት፤ ሌባም እሳትም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚወስደው። የ2014ቱን ጦርነት ያየ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንዱ ቢሮ ከሆነ አንዱ ቤት ይሁን። ኢንተርኔት ካለ ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ መሴጅስ» እስከ 2 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ይቀበላል፤ ለተራ ሰነድ ይበቃል፣ የሰው ምስጢር ያለበትን ግን አትላኩበት።

## ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ፍላሽ ላይ ያለን ፋይል እዚያው ከፍቶ መሥራት። መጀመሪያ ዲ ላይ ገልብጡ፣ እዚያ ሥሩ፣ ሲያልቅ ወደ ፍላሹ መልሱ። በሥራ መሀል ፍላሹ ቢነቀል ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።
- ፍላሹን «ኢጄክት» ሳይሉ መንቀል።
- «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2» ብሎ መተው። ኤፍ 2ን ተጭናችሁ እዚያው ስሙን ቀይሩ።
- ሾርትከትን ገልብጦ ፋይሉን የያዙ መምሰል። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ቀስት ያለበት ምልክት አድራሻ ብቻ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። መጠኑን እዩ፤ አንድና ሁለት ኪሎባይት ከሆነ ሰነዳችሁ እሱ አይደለም።
- ፎርማት ከማስደረግ በፊት ዴስክቶፑን ብቻ መገልበጥ። ዳውንሎድስ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስም ሲ ላይ ናቸው።
- ዊንዶውስ 7 ላይ «ሂድን» የሚለውን ቪው ውስጥ መፈለግ። እዚያ «ኦርጋናይዝ»፣ ከዚያ «ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ» ውስጥ ነው ያለው።